አለቃው ሲሰርቅ እኛ የምንሠራቸው ስህተቶች

የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ያፈስ ነበር። ክረምት ላይ ማኅሌት ሲቆም ቅኔ ማኅሌቱ መሀል ቢጫ ባልዲ ይቀመጣል። መዘምራኑ ባልዲውን እየዞሩ ያሸበሽባሉ። እሱም በራሱ ዜማ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ለቆርቆሮ ተብሎ ሁለት ዓመት ገንዘብ ተዋጣ። እናቴ በየወሩ የነጠላዋን ጫፍ ፈታ መቶ ብር ትሰጥ ነበር። ቆርቆሮው አልመጣም። ሲጣራ ብሩ አስተዳዳሪው እጅ ገብቶ ቀርቷል። ሰውየው ወደ ሌላ ደብር ተዛወረ፣ ባልዲው ግን እዚያው ቀረ።

የቱ ደብር እንደሆነ አልናገርም። ባሕር ዳር ነው፣ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፍ። አንዳንዶቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

እምነትን የሰውየው ንብረት ማድረግ

የኔ ስህተት ይሄ ነው። አራት ወር ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩም። እሑድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ቡና እጠጣለሁ። ደወል ሲደወል «ሌቦች» እላለሁ። ሐቀኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የመለሰኝ የሐና ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደተጻፈው፣ በሴሎ የነበሩት ካህናት የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ነበሩ። ሕዝቡ መሥዋዕት ሲያቀርብ ሎሌያቸው ባለ ሦስት ጣት ሜንጦ ይዞ ይመጣል፤ ከድስቱ ያወጣውን ይወስዳል። ጥሬውን ሥጋ አምጡ፣ አለዚያ በግድ እወስዳለሁ ይላል። ሐና አልቅሳ የጸለየችው እዚያው ቤት፣ እነሱው ካህናት ሳሉ ነው። ሽማግሌው ዔሊ እንኳ የሰከረች መስሎት ተቆጣት። ሳሙኤል የተገኘው ግን ከዚያ ጸሎት ነው። የሐና ጉዳይ ከሜንጦው ጋር አልነበረም።

ያው መጽሐፍ የልጆቹን ኃጢአት እጅግ ታላቅ ነበር ይለዋል። ሰው የእግዚአብሔርን መሥዋዕት እንዲንቅ አድርገዋልና። ይህን ሳነብ ሐይቅ ዳር ያለው ወንበሬ ታወሰኝ። ለካ ሰውየው የወሰደው የእናቴን መቶ ብር ብቻ አይደለም።

«የተቀባውን አትንኩ» ብሎ መሸፈን

ይሄ የታላላቆቻችን ስህተት ነው። «ልጄ፣ የአባቶችን ገመና መግለጥ እርግማን ያመጣል» አሉኝ አንድ የሰፈር ሽማግሌ። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለውን የመዝሙር ቃልም ጠቀሱልኝ። ያ ቃል ግን የተነገረው አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ በባዕድ ነገሥታት መካከል ሲንከራተቱ ስለጠበቃቸው አምላክ ነው። ስለ ቆርቆሮ ሒሳብ አይደለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በሽማግሌ ላይ ክስ የሚሰማው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው ይላል። ቀጥሎም ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጽ ይላል። ሽማግሌዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን ይተዉታል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው የሚለውን ተረት ባሕር ዳር ውስጥ ማን ያስተምረናል? ገዢ እንኳ ዓሣውን ከራሱ በኩል ገልጦ ነው የሚያየው።

በወሬ መፍረድ

የወጣቱ ደግሞ ይሄ ነው። ማስረጃው ሳይጣራ ቴሌግራም ላይ የሁሉም ቄስ ስም ጠፋ። ደመወዙ ልጆቹን በቅጡ የማያበላ፣ አንዲት ሳንቲም ያልነካ ካህን ባጃጅ ውስጥ ሲሰደብ ሰምቻለሁ። ቀና ብሎ አላየም፤ «እዚህ ጋ ወራጅ» ብሎ ወረደ።

«ጥምቀቱም ከንቱ ነበር» ማለት

አስተዳዳሪው ቄስም ነበር። ጎረቤታችን ልጇን ያጠመቀላት እሱ ነው። ነገሩ ሲሰማ ደንግጣ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች።

«አባ፣ ድጋሚ ላስጠምቀው?»

«ልጄ፣ ሲጠመቅ የማን ስም ተጠራ? የእሱ ነው?»

«የሥላሴ ነው እንጂ።»

«እንግዲህ።»

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ዶናቱሳውያን የተባሉ ክርስቲያኖች፣ ክርስቲያን ሲሳደድ የከዱ ካህናት የፈጸሙት ጥምቀትና ሌላው ምሥጢረ ቤተ ክርስቲያን አይረባም ብለው ተገንጥለው ነበር። የዚያው አገር ጳጳስ አውግስጢኖስ የመለሰላቸው መልስ ከኚያ አባት መልስ ብዙ አይርቅም። ስጦታው የካህኑ አይደለም።

ወዲያው ሌላ «ቅዱስ» ፍለጋ መሮጥ

አንድ ጓደኛዬ በሳምንቱ ሕዝብ የሚጋፋለት ሌላ ሰባኪ ጋ ሄደ። ከሰው ወደ ሰው። ዓመት አልሞላውም፣ ተናዶ ተመለሰ።

ጣና ዳር ላደገ ሰው የተሻለ ምሳሌ አለ። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ ከታላላቆቹ ብዙዎቹ አብረው ሄዱ። ወለተ ጴጥሮስ ግን የንጉሡ ባለሟል የነበረውን ባሏን ትታ መነነች። ሌላ ኃያል ሰው ፈልጋ ሥሩ አልተጠለለችም። በሐይቁ ዳርቻ፣ ዘጌን ጨምሮ፣ አብረው የሚጸልዩ ሰዎችን ሰበሰበች። ንጉሡ በ1632 የቀደመውን እምነት ሲመልሱ እነዚያ ሰዎች በየቦታቸው ነበሩ። ቆራጣ ያለው ገዳም ዛሬም በስሟ ይጠራል። እኔም ስመለስ የያዝኩት ትልቅ ሰው ሳይሆን በወር አንዴ የምንገናኝበትን የጽዋ ማኅበር ነው።

ወይ ዝም ብሎ መስጠት፣ ወይ ጨርሶ መተው

ይሁዳ ከረጢቱን ይዞ ይሰርቅ እንደነበር ዮሐንስ በግልጽ ጽፎታል። ከረጢቱ አጠገብ ሰው ያስፈልጋል። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ከካህናቱ ጋር ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚመረጡት ለዚህም ጭምር ነው። እኔ ግን ምርጫው ላይ አንድም ቀን ተገኝቼ አላውቅም ነበር። ሲቆጠርም አላየሁም። ከዚያ መናደድ ብቻ!

እናቴ መስጠት አላቆመችም። አንድ ነገር ብቻ ጨመረች። ተቀባዩ ብሩን ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው ሲዞር ከፊቱ አትነሳም። «ደረሰኜን፣ አባቴ» ትላለች ለስለስ አድርጋ። ሰልፉ ያጉረመርማል፣ እሷ ትጠብቃለች። ከተቆረጠላት በኋላ አራት ቦታ አጥፋ፣ ብሩን የፈታችበት የነጠላዋ ጫፍ ላይ መልሳ ትቋጥረዋለች።