የማሽን ሥዕል አልገባ ካላችሁ ሳሙና ቁረጡ

ከፊት፣ ከላይና ከጎን የተሳለ ሥዕል ተሰጥቷችሁ ሦስቱ የአንድ ዕቃ መልክ መሆናቸው አልታይ ካላችሁ፣ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ አንድ የልብስ ሳሙና ግዙ። አዲሱን ይሁን፤ የደረቀው ሲቆረጥ ይፈረካከሳል። አንዱን ጥግ በቢላ ቆርጣችሁ ደረጃ አስመስሉት።

የፊቱን ገጽ ወደ ላይ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ከአናቱ ቀጥ ብላችሁ እዩና ሳሉት። ከዚያ ወደ ራሳችሁ አንዴ ገልብጡት። የላዩ ገጽ ይመጣል፤ ቦታውም ከፊቱ ሥዕል በታች ነው። መልሱትና ወደ ቀኝ ገልብጡት፤ የግራ ጎኑ ይወጣል። ፈርስት አንግል የሚባለው የሥዕሎች አቀማመጥ ይኸው ነው። በሌላው አቀማመጥ፣ በሰርድ አንግል ግን የላዩ ከላይ፣ የግራው በግራ ይቀመጣል።

የትኛው እንደሆነ የምትነግራችሁ በሥዕሉ ወረቀት ጥግ ላይ ያለችው ጫፉ የተቆረጠ ኮን ምልክት ናት። አብረዋት የተሳሉት ሁለት ክቦች ከኮኑ ሰፊ ጫፍ አጠገብ ከሆኑ ፈርስት፣ ከጠባቡ ጋ ከሆኑ ሰርድ ነው። እኔ አንዴ ሳላያት ቆርጬ ዕቃው ግራና ቀኙ ተገላብጦ ወጣ። ድፍን ላሜራ ከሰርኩ።

የተቆራረጠ መስመር ካያችሁ ደግሞ ከኋላ የተደበቀ ጠርዝ አለ ማለት ነው። ሳሙናውን በምስማር ብሱትና ቀዳዳውን ከጎን ለመሳል ሞክሩ፤ ወዲያው ይገባችኋል።