ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉት

አክስቴን ለመቀበል አዘዞ አየር ማረፊያ ሁለት ቀን ተመላልሰናል። አርብ ጠዋት ሄድን፤ አልመጡም። ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። በመሃል የወንድማቸው የአርባ ቀን ተዝካር ወጣ። ጀርመን ካለው ልጃቸው ቤት ተቻኩለው የተነሱት ለዚያ ነበር። ጎንደር የደረሱት ሰው ሁሉ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ድንኳኑ መፍረስ ከጀመረ በኋላ ነው።

እኛ ጋ ሰው ከመንገድ ሲገባ "እንኳን በሰላም ገባህ" ይባላል። ነገሩም እዚያው ያልቃል። ለምን ዘገየህ፣ ምን አሉህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ያን ዕለት አልጠየቅኩም። በማግስቱ ሻንጣቸውን ሳራግፍ ግን ነጠላቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ቦርዲንግ ፓስ፣ ማለትም የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀት፣ አገኘሁ። ያቺ ወረቀት አየር መንገዱን ለመዘግየቱ 600 ዩሮ ካሳ አስከፈለችው።

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ መጻፍ ሥራዬ ነው። ከአክስቴ በኋላ ለሌሎችም ጽፌያለሁ። አንዳንዶቹ ተከፍሏቸዋል። አንዳንዶቹን ደግሞ "ይህ ካሳ የለውም" ብዬ ሳልጽፍላቸው መልሻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ማን ማን መጠየቅ እንደሚችል ልንገራችሁ።

ካሳ ያለውና የሌለው

ዋናው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው፤ ቁጥሩ 261/2004። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳን በረራ ሁሉ ይሸፍናል። አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን ለውጥ የለውም፤ የተሳፋሪው ዜግነትም አይጠየቅም። የአክስቴ ፓስፖርት ኢትዮጵያዊ ነው።

ወደ አውሮፓ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከእኛ ተነስቶ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ደንቡ የሚሠራው አየር መንገዱ ራሱ የአውሮፓ ኅብረት ከሆነ ብቻ ነው። ለጥምቀት መጥቶ ወደ ስቶክሆልም የሚመለስ ሰው፣ የተሳፈረው በሌላ አየር መንገድ ከሆነ፣ በዚህ ደንብ መጠየቅ አይችልም። ቲኬቱ ደርሶ መልስ ቢሆንም መሄጃውና መመለሻው ለየብቻ ይታያሉ።

መዘግየቱ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ገንዘቡ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ነው። ከጀርመን፣ ከጣሊያን ወይም ከስዊድን ወደ ጎንደር ያለው ርቀት ከ3,500 ኪሎ ሜትር ስለሚያልፍ ለእኛ ሰው የሚደርሰው 600 ነው። መዘግየቱ 4 ሰዓት ካልሞላ ግን በግማሽ ሊቀንሱት ይችላሉ። ካሳው በሰው ነው የሚታሰበው። አራት ቤተሰብ ከሆናችሁ አራት ካሳ ነው፤ የራሱ ቲኬት የተገዛለት ልጅም ይቆጠራል። ቲኬቱን ጀርመን ያለው ልጅ ቢገዛውም ካሳው የተጓዡ ነው።

ብሪታንያ ከኅብረቱ ብትወጣም ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ ገንዘቡ 220፣ 350 እና 520 ፓውንድ ነው። ከቴል አቪቭ ለሚመላለሱ ወገኖቻችን ደግሞ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው ሕግ አለ። እሱ ካሳ የሚያስከፍለው መዘግየቱ 8 ሰዓት ሲሞላ ነው። በአሜሪካ ለዘገየ በረራ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ የለም። በረራው በጣም ከዘገየና ላለመሄድ ከወሰናችሁ ግን የቲኬቱን ገንዘብ ማስመለስ ትችላላችሁ።

ያመለጠ ኮኔክሽን

የአክስቴ የመጀመሪያ በረራ የዘገየው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ሰምቶ "3 ሰዓት አልሞላም" ብሎ የሚተው ብዙ ነው። አትተዉት። የሚቆጠረው የመጨረሻው መድረሻ ላይ የደረሳችሁበት ሰዓት ነው። በዚያች 1 ሰዓት ከ40 ምክንያት ሁለተኛው አውሮፕላን አመለጣቸው፤ ጎንደር ሲደርሱ ከአንድ ቀን በላይ ዘግይተዋል።

ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ጉዞው እስከ ጎንደር ድረስ በአንድ ሪዘርቬሽን የተያዘ መሆን አለበት። ቲኬቱ ላይ ያለችውን ስድስት ሆሄያትና ቁጥሮች ያሏትን ኮድ እዩ። ለሁሉም በረራ አንድ ከሆነች ጥሩ። ብዙ ሰው እስከ አዲስ አበባ አንድ ቲኬት፣ ከቦሌ ጎንደር ደግሞ ሌላ ቲኬት ይገዛል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው አየር መንገድ ኃላፊነት ቦሌ ላይ ያበቃል፤ የጎንደሩ በረራ ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የራሳችሁ ነው። ለወላጆቻችሁ ቲኬት የምትገዙ ልጆች፣ እባካችሁ እስከ ጎንደር በአንድ ግዙላቸው።

የደረሰበት ሰዓት የሚባለው ጎማው መሬት የነካበት አይደለም፤ የአውሮፕላኑ በር የተከፈተበት ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ወስኗል። መዘግየቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሲሆን ይህች ልዩነት ታሸንፋለች። በሩ ሲከፈት ስልካችሁን አውጡና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪን ሾት አንሱ።

አየር ማረፊያው ውስጥ

ስትጠብቁ ምግብና መጠጥ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው። ማደር ከመጣ ሆቴልና የሆቴል ትራንስፖርትም አለበት። አክስቴ ይህን አያውቁም፤ የነገራቸውም የለም። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ዳዊታቸውን ይዘው ነው ያደሩት። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። ሆቴል ካልሰጧችሁና በራሳችሁ ከከፈላችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ ተመጣጣኝ ወጪ ይመለሳል፤ ከካሳውም ላይ አይቀነስም።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ፊርማ ልናገር። ጠዋት አንዲት ሠራተኛ ለአክስቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበችላቸው። ለሚቀጥለው ጉዞ የሚያገለግል ቫውቸር ነበር። "መነጽሬ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ ያላነበብኩትን አልፈርምም" ብለው መለሱላት። በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ እጃቸውን ሲያወዛውዙ ገባት። ደንቡ ካሳ በገንዘብ እንዲከፈል ያዛል፤ በቫውቸር የሚተካው ተጓዡ ፈርሞ ሲስማማ ብቻ ነው። ቢፈርሙ ኖሮ አየር መንገዱ ያቺን ፊርማ ነበር የሚያሳየኝ።

እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ወይም አባት ስትልኩ "ሳልረዳው አልፈርምም፤ ለልጄ ደውሉልኝ" የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ከነስልክ ቁጥራችሁ አዘጋጁላቸው። በወረቀት ይሁን፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ደብዳቤው

የሚጻፈው በረራውን ላካሄደው አየር መንገድ ነው። ቲኬቱን ለሸጠው ኤጀንት ወይም ስሙ ቲኬቱ ላይ ላለው ሁሉ አይደለም፤ ሁለት አየር መንገዶች አንድ በረራ ሲጋሩ ያበረረው ነው የሚጠየቀው። አብዛኞቹ ድረ ገጻቸው ላይ ፎርም አላቸው። እኔ ፎርሙን ሞልቼ ደብዳቤውንም አያይዛለሁ። ይዘቱ ይህን ያህል ነው፦

"ስሜ በፓስፖርቴ እንደሚታየው ይህ ነው። የሪዘርቬሽን ኮዴ ይህ፣ የበረራ ቁጥሮቼ እነዚህ ናቸው። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ጎንደር መድረስ ነበረብኝ፤ የደረስኩት በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ነው። በደንብ 261/2004 መሠረት 600 ዩሮ በባንክ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። ቫውቸር አልቀበልም።"

ከዚህ በላይ ማስረዘም አያስፈልግም። ስለ ተዝካሩ ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር፤ መልሼ አወጣሁት። ካሳው የሚታሰበው በሰዓትና በርቀት ስለሆነ ሐዘን አይጨምርበትም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። አክስቴ "በ8 ሰዓት ተነሳን" ሲሉኝ 8:00 ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ያሉት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ 14:00። አየር መንገዱም "መዝገባችን ላይ እንዲህ ያለ በረራ የለም" ብሎ መለሰልኝ፤ ሦስት ሳምንት ባከነ። ሰዓቱንም ቀኑንም ከቲኬቱ ላይ እንጂ ከሰው አፍ አትገልብጡ። በተለይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ቀኑን ያሳስታል።

እምቢ ሲሉ

ሁለተኛው መልስ "ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት" የሚል ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ከባድ የአየር ጠባይ፣ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ትእዛዝ፣ የጸጥታ ስጋት በእርግጥም ከካሳ ነፃ ያደርጋቸዋል። ማስረዳት ያለባቸው ግን እነሱ ናቸው። አክስቴ በሰዓቱ የተነገራቸው "ቴክኒክ ችግር" ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ተራ የቴክኒክ ብልሽት ሰበብ እንደማይሆን ወስኗል። ይህን ጠቅሼ "ምክንያቱ ምን እንደነበር ለይታችሁ በማስረጃ አሳዩኝ" አልኩ። ሌላ ሰበብ አላመጡም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከላክሁ በ11ኛው ሳምንት ለመክፈል ተስማሙ።

ዝም ቢሉ ኖሮ በረራው የተነሳበት አገር ላለው የተሳፋሪዎች መብት አስከባሪ መሥሪያ ቤት እጽፍ ነበር፤ በየአገሩ አለ። በኮሚሽን የሚያስከፍሉ ድርጅቶችም አሉ፤ ከካሳው ሩብና ከዚያ በላይ ይቆርጣሉ። ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ሲሆን ይጠቅማሉ። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ግን አያስፈልጉም።

ካሳውን ሳይጠይቅ የቆየ ሰውም ቶሎ ተስፋ አይቁረጥ። ጊዜ ገደቡ በየአገሩ ይለያያል፤ በጀርመን ዓመቱ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው።

ከእኛ ለሚነሱ

የአውሮፓው ደንብ ላልሸፈናችሁ፣ እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት አለ። ኢትዮጵያም አባል ናት። ለዓለም አቀፍ ጉዞ ይሠራል፤ ግን የተቆረጠ ገንዘብ የለውም። በመዘግየቱ የደረሰባችሁን ወጪ በደረሰኝ ታሳያላችሁ፤ አየር መንገዱ የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካላስረዳ ይከፍላል። ጣሪያው ለአንድ ሰው ከ8,000 ዶላር በላይ ነው፤ ክስ ማቅረቢያው 2 ዓመት። ሻንጣ ከዘገየ ከተረከባችሁ በኋላ በ21 ቀን፣ ከተሰበረ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ።

ገንዘቡ ሲገባ

የመጨረሻው እንቅፋት ባንክ ነው። የአክስቴ ስም ፓስፖርታቸው ላይና ባንክ ደብተራቸው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው በአንድ ፊደል ይለያያል። ገንዘቡ ተመለሰ። ባንክ ሄደን ስሙን በፓስፖርቱ ልክ አስተካክለን፣ ለአየር መንገዱ እንደገና ጻፍን። የሂሳብ ቁጥር ከመላካችሁ በፊት ሁለቱን አስተያዩ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲላክ በዕለቱ ምንዛሬ በብር ገባ። አክስቴ ለራሳቸው አልነኩትም። ለወንድማቸው ሙት ዓመት ጤፍና በግ ገዙበት።