«ምክንያት»፣ «ወደቀ»፣ «ያስገድዳል»፦ የሳይንስ ፍልስፍና ጀማሪዎች የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች

የጀማሪ ተማሪዎችን ረቂቅ ማንበብ እወዳለሁ። ጥያቄያቸው ትኩስ ነው፣ ድፍረታቸውም ደስ ይላል። ግን በየዓመቱ ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያርፈው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ሳይንስና ሜታፊዚክስ፣ ማለትም ስለ እውነታ መሠረታዊ ምንነት የሚጠይቀው የፍልስፍና ዘርፍ፣ የሚገናኙበት ላይ።

መጀመሪያ «ምክንያት» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቋት። በአማርኛ ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንድ ነገር እንዲሆን ያደረገውንም ምክንያት እንላለን፤ አንድን ነገር እንድናምን ያደረገንንም ምክንያት እንላለን። አንድ ቀጥ ያለ ምሰሶ አስቡ። ፀሐይ ከአድማስ 45 ዲግሪ ከፍ ብላለች፣ የምሰሶው ጥላ 10 ሜትር ነው። እንግዲያው ምሰሶውም 10 ሜትር ነው። ስሌቱ ልክ ነው። ጥላው ቁመቱን እንድናውቅ በቂ ምክንያት ሰጥቶናል። ምሰሶው ያን ያህል የረዘመው ግን በጥላው ምክንያት አይደለም። ካርል ሄምፕልና ፖል ኦፐንሃይም እ.ኤ.አ. በ1948 ያቀረቡት የማብራሪያ ሞዴል ከባድ ፈተና የገጠመው እዚህ ላይ ነው። ሞዴሉ እንደሚለው ማብራራት ማለት ከሕግና ከመነሻ ሁኔታዎች ተነስቶ መደምደሚያውን ማውጣት ብቻ ከሆነ፣ ጥላውም የምሰሶውን ቁመት አብራራ ልንል ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ሙሉ ምዕራፍ በዚህ ስህተት ላይ ገንብቻለሁ። አማካሪዬ ከኅዳጉ ላይ «ይህ ምክንያት የማወቅ ነው የመሆን?» ብለው ጻፉበት። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። ዛሬም ረቂቅ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚያስጨርሰው ልምጣ። «ፖፐር እንዳለው፣ አንድ ተቃራኒ ማስረጃ ከተገኘ ንድፈ ሐሳቡ ወደቀ።» የሳይንስ ፈላስፋውን ካርል ፖፐርን የምትጠቅስ ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አነበብኳት! እባካችሁ ተዉአት። የኡራኑስ ጉዞ ከኒውተን ስሌት ጋር አልገጥም ሲል ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቬሪዬ ኒውተንን አልጣለም። «ያላየነው ሌላ ፕላኔት እየሳባት ነው» ብሎ የት መፈለግ እንዳለበት አሰላ። እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1846 ሌሊት የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጋለ በርሊን ላይ ቴሌስኮፑን አዞረ። ኔፕቲዩን ከተነገረው ቦታ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ ተገኘች።

ያው ለቬሪዬ በ1859 የሜርኩሪ ምህዋርም ትንሽ እንደሚዛነፍ አሳየ። መፍትሔውም ያው ነበር፤ ለፀሐይ ቅርብ የሆነ፣ ያልታየ አካል አለ። ቩልካን የሚል ስም ሁሉ ወጣለት። ለአሥርት ዓመታት ተፈለገ፣ የለም። በ1915 አንስታይን በአዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳቡ ያንን መዛነፍ፣ በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ (አንዷ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ናት) የምትሆነውን፣ ቁልጭ አድርጎ አስረዳ።

አያችሁ? ሰውየው አንድ፣ ዘዴው አንድ፤ አንዴ ሠራ፣ አንዴ ከሸፈ። ማስረጃው ብቻውን የቱ ጋ እንደተሳሳትን አይነግረንም። ንድፈ ሐሳቡ ነው? ከእሱ ጋር የያዝነው ረዳት ግምት፣ ለምሳሌ የፕላኔቶቹ ቁጥር፣ ነው? ምልከታው ነው? ፖፐር ራሱ ንድፈ ሐሳብን በረዳት መላምት ማዳን እንደሚቻል ያውቅ ነበር። የእሱ ጥያቄ አዲሱ መላምት ራሱ ለፈተና የሚቀርብ ነው ወይ የሚል ነው። የኔፕቲዩን መላምት በደንብ ይቀርባል፤ ቴሌስኮፕ አዙሮ ማየት ነው። ስለዚህ «ወደቀ» ከማለታችሁ በፊት ምኑ እንደወደቀ ጻፉ።

«ፓራዳይም» (የአንድ ዘርፍ ሳይንቲስቶች በጋራ የሚሠሩበት ማዕቀፍ ወይም አርአያ) የሚለውን ቃል «አመለካከት» ለማለት አትጠቀሙበት። ፈላስፋዋ ማርጋሬት ማስተርማን ቃሉን ባስፋፋው የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ በቶማስ ኩን የ1962 መጽሐፍ ውስጥ ቃሉ ቢያንስ በ21 ዓይነት ትርጉም መግባቱን ቆጥራለች። የትኛውን እንደፈለጋችሁ ተናገሩ።

የሳይንስ ፈላስፋው ባስ ቫን ፍራሰን «ኤሌክትሮን የለም» አላለም። በ1980 ያቀረበው ሐሳብ፣ ንድፈ ሐሳብን ለመቀበል ስለሚታየው ነገር ልክ መሆኑን ማመን ይበቃል የሚል ነው። ስለማይታየው አለማመን ይቻላል አለ እንጂ መኖሩን አልካደም። «አለ ብዬ ለማመን አልገደድም» እና «የለም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ኳንተም ሜካኒክስን ካልተማራችሁ ምሳሌ አታድርጉት።

የመጨረሻው ስለ ግሥ ነው። «የስበት ሕግ ድንጋዩ እንዲወድቅ ያስገድደዋል» ብላችሁ በዋዛ አትለፉ። ለፈላስፋው ዴቪድ ሉዊስ ሕግ ምንም አያስገድድም፤ በዓለም የሚሆነውን ሁሉ በቀላልነትና በመረጃ ብዛት አስማምቶ ከሚያጠቃልለው ምርጥ ሥርዓት ውስጥ የሚገኝ ነው። ለሌላው ፈላስፋ ለዴቪድ አርምስትሮንግ ግን አስገዳጅነት በእውን ዓለም ውስጥ፣ በባሕርያት መካከል ያለ ግንኙነት ነው። «ያስገድዳል» ስትሉ ከአርምስትሮንግ ጎን ቆማችኋል። መቆም ትችላላችሁ፤ ግን መከራከሪያችሁን አምጡ። መከራከሪያ ከሌላችሁ «ይገልጻል» ማለትም አያድናችሁም፣ እሱም ወገን አለው።