ለደሴ ቤተሰብ ሃይብሪድ መኪና ከውጭ ሆኖ መግዛት

ሃይብሪድ በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ባትሪ አብሮ የሚሄድ መኪና ነው። «ሃይብሪድ በዚህ ወር ተሸጦ አለቀ» ስለተባለ ብር አትላኩ። ወርሃዊ ሽያጭ በብዙ ምክንያት ይዋዥቃል። እንግሊዝ አዲስ ታርጋ የሚወጣው ማርች 1 እና ሴፕቴምበር 1 ስለሆነ በሁለቱ ወራት ሽያጩ ይዘላል፤ ጃፓን ደግሞ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ማርች ይደምቃል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ አሜሪካ ውስጥ የፕሪየስ (የቶዮታ ሃይብሪድ) ሽያጭ የወደቀው መኪናው ስላልደረሰ እንጂ ፈላጊ ጠፍቶ አይደለም። ወርን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያዩ።

አገር ቤት ዋጋውን የሚገፋው ሌላ ነው፦ ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መባሉ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የምንዛሬው ለገበያ መለቀቅ፣ በ2017 ከ100 ብር ያለፈው የቤንዚን ሊትር። ሃይብሪድም የቤንዚን ሞተር አለውና፣ መግባት ስለመቻሉ ከጉምሩክ በጽሑፍ መልስ ሳትይዙ የመርከብ ክፍያ አትክፈሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ መኪና መግዛት ይሻላል።

ዋናው ምርመራ ባትሪው ነው። ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፕሪየስ 28 ሞጁል (የባትሪ ክፍል) አለው፤ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት፣ ድምሩ 201.6። ሜካኒኩ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክቶ ሞጁሎቹን በጥንድ (14 ብሎክ) ያንብብ፤ መኪናው ቆሞ ሳይሆን ዳገት እየወጣ። አንዱ ብሎክ ከሌሎቹ 1 ቮልት ገደማ ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ፒ0ኤ80 (P0A80) የሚል የብልሽት ኮድም ከወጣ ባትሪ መቀየር ሊመጣ ነውና ወጪውን ከዋጋው አስቀንሱ። ሻጭ ኮድ አጥፍቶ ሊያቀርብ ስለሚችል ከተነዳ በኋላ ድጋሚ ይነበብ። የስካነሩን ስክሪን ከነሻንሲ ቁጥሩ በቪዲዮ ያሳያችሁ። ከ2010 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በተሠራው ፕሪየስ ደግሞ ጠዋት ሲነሳ መንቀጥቀጥ እና የራዲያተር ውሃ መጉደል የጋስኬት (የሞተር ራስ ማሸጊያ) መቃጠል ምልክት ናቸው።

በኋላ ወንበር ጎን ያለችው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ባትሪውን የምታቀዘቅዝ ናት። የገጠር መንገድ አቧራ ይደፍናታል፤ ጋቢ ወይም ከረጢት ከተጣለባትም ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ከነማራገቢያዋ ትጸዳ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወረድ ባትሪው ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን ላይ ብቻ ከመተማመን ማርሹን ወደ ቢ (B፣ በሞተር ፍጥነት የሚቀንሰው) ማድረግ ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ወር ሙሉ ከቆመ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ትሞታለች፤ ቤተሰብ በሳምንት አንዴ ሬዲ (READY፣ ለመንዳት ዝግጁ) የሚለውን መብራት አብርቶ ግማሽ ሰዓት ይንዳው።

ወረቀቱ ላይ አትቸኩሉ፤ ለግሸን ማርያም መጥታችሁ በሁለት ቀን የምትጨርሱት አይደለም። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተሠርቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። «መግዛት፣ ስም ማዛወር፣ ኢንሹራንስ መግባት» ብላችሁ ዘርዝሩ፤ ወንድማችሁም ቢሆን «መሸጥ» ሳያስፈልግ አይጻፍ። ብሩ የሚለቀቀው ሊብሬው ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑ ተረጋግጦ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ተመሳክሮ፣ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ሲፈረም ብቻ ነው።