ማለዳ በኅብረት መሮጥና ሸክም ይዞ መራመድ፦ ለደሴና ለአካባቢዋ ጓደኛሞች

ደሴ ውስጥ «ከነገ ጀምሮ ማለዳ እንሮጣለን» ብሎ የሚማማል ጓደኛ አይጠፋም፤ የሚጠፋው በሦስተኛው ሳምንት ነው። አብሬ ከሮጥኩባቸውና ሲፈርሱ ካየኋቸው ቡድኖች የተረዳሁት፣ ሰዎች የሚቀሩት በስንፍና ብቻ አለመሆኑን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ያደገ ወጣት፣ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ነጋዴና ከወሊድ በኋላ ወደ እንቅስቃሴ ገና የተመለሰች እናት በአንድ ፍጥነት እንዲሮጡ ሲጠየቁ፣ ፈጣኑ በመጠበቅ ይሰለቻል፤ ዝግ የሚሉት ደግሞ ወደ ኋላ መቅረታቸው ያሳፍራቸውና አንድ ማለዳ ከብርድ ልብሳቸው ሳይወጡ ይቀራሉ። የዚህ መመሪያ ጉዳይም ይኸው ነው፦ አቅማቸው የተለያየ ጓደኛሞች አብረው ወጥተው አብረው የሚመለሱበት መንገድ። በሩጫው ቀን ፍጥነቱ በመጨረሻው ሰው ልክ ይሆናል፤ በእርምጃው ቀን ደግሞ ጠንካራው ይሸከማል፣ አቅም ያነሰው ባዶ ጀርባውን ይሄዳል።

ቀንና ሰዓት መቁረጥ

ለጀማሪ ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው፤ ሁለቱ ለሶምሶማ፣ አንዱ ለሸክም ጉዞ። ቀኖቹን የከተማዋን ኑሮ ተከትላችሁ ምረጡ። ሰኞ ትልቁ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው፣ አህያና ጭነት መኪና ገና በማለዳው መንገዱን ይሞላዋል። እሑድ ደግሞ ከጓደኞቻችሁ መካከል ቅዳሴ የሚያስቀድሱ አሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ለሩጫ፣ ቅዳሜ ለሸክም ቢሆን በመካከሉ ሰውነት የሚያርፍበት ቀን ይገኛል፤ ከባዱ ጉዞም ብዙዎች ሥራ በማይቸኩሉበት ቀን ይውላል።

ደሴ ላይ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። የመገናኛ ሰዓታችሁ 12 ሰዓት ቢሆን፣ ሱብሂን መስጊድ የሚሰግደው ጓደኛችሁ ሶላቱን ጨርሶ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ተሳልሞ ይደርሳል። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና የሚጠጡ ጎረቤታሞች በመሆናቸው፣ አንዱን ወገን የሚያስቀር ሰዓት የሚመርጥ ቡድን ገና ሲጀመር ግማሽ አካሉን አጥቷል ማለት ነው። ከ12 ሰዓት አስቀድሞ መውጣት ሌላም ችግር አለው፤ በከተማዋ ዳርቻ፣ በተለይ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በዚያ ሰዓት ጅብ ወደ ጉድጓዱ ገና አልገባም።

በረመዳን የማለዳው ሩጫ ቀኑን ሙሉ በጥም የሚያውል ስለሆነ፣ ከአፍጥር ጥቂት ቀደም ብሎ ያለ ሸክም በእርጋታ ወደ መራመድ ይለወጥ። በዐቢይ ጾምም እስከ ከሰዓት በኋላ እህል የማይቀምሱ ጓደኞች ካሉ ሩጫው ይጠር፣ ሸክሙም በግማሽ ይቀነስ፤ ይህንንም የሚጾሙት ሰዎች እስኪጠይቁ ሳይጠበቅ ቡድኑ ራሱ አስቀድሞ ቢወስነው መልካም ነው።

የመገናኛው ቦታ መብራት ያለበትና ለሁሉም የማይርቅ ይሁን። ጠዋት ሲነሱ አንዳቸው ለሌላው ሚስኮል ማድረግ፣ የማይመጣ ሰው ደግሞ ሳይተኛ ማታውኑ ማሳወቅ፣ ከ5 ደቂቃ በላይ አለመጠበቅ፤ እነዚህን ሦስት ነገሮች በመጀመሪያው ቀን ተስማሙባቸው። ሌላ መተዳደሪያ ደንብ አያስፈልግም።

ሩጫው

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረት የሚያቃጥለው የሩጫ ትንፋሽ የበሽታ ምልክት ነው ብሎ መሥጋት አይገባም፤ ፍጥነቱ መቀነስ እንዳለበት የሚናገር ነው እንጂ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚቀላቀላችሁ ጓደኛ ካለ 600 ሜትር ያህል ወደ ላይ ስለመጣ፣ እዚያ ያለ ችግር ይሮጥ የነበረ ሰው እዚህ ቢያለከልክ አትገረሙ። ሆኖም ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ማዞር ወይም ቆሞም የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር ያጋጠመው ሰው ወዲያውኑ ያቁም፤ ሐኪም ሳያየውም ወደ ሩጫው አይመለስ።

የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ከባድ ስለሆነ፣ ሳይሟሟቅ የተሮጠበት ባት ይሸመቀቃል። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያደረጋችሁ ስምንት ጊዜ ደጋግሙ። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሶምሶማውን ጊዜ ትንሽ እያስረዘማችሁ፣ እርምጃውን እያሳጠራችሁ ሂዱ። ትክክለኛው ፍጥነት የሚታወቀው በወሬ ነው፤ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት ሰዎች አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥባቸው መጨረስ ካልቻሉ ፈጥነዋል። ቡድኑን የሚመራው ከሁሉ ዝግ ያለው ሰው ይሁን፤ ከሁሉ ጠንካራው ደግሞ ከኋላ ይጠብቅ። ይህ አቀማመጥ ለፈጣኑ በመጀመሪያ ይከብደዋል፤ ነገር ግን ከፊት የሚሮጠው ሰው ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት ስለሌለ ትንፋሹን ተረጋግቶ ያገኛል፤ ቡድኑም አይበታተንም።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ የመሮጥ ሐሳብ ያላቸው ጓደኞች በቡድኑ ውስጥ ካሉ፣ ከማክሰኞና ከሐሙስ ውጪ አንድ ረዘም ያለ ቀን ለብቻቸው ይጨምሩ እንጂ ሌላውን አያስቸኩሉ።

በአገራችን መኪና የሚሄደው በቀኝ ስለሆነ እናንተ በግራ ጠርዝ ሩጡ፤ የሚመጣውን ባጃጅም ሆነ አይሱዙ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። ከሁለት በላይ ጎን ለጎን አትሁኑ፤ በክረምቱ ጉም ደግሞ ነጭ ነገር ልበሱ። ለጠፍጣፋ መሬት ቦሩ ሜዳን የሚያህል አላየሁም፤ ከከተማው ወደ ሰሜን ወጣ ማለትን የሚጠይቅ ቢሆንም በወር አንድ ጊዜ የሚያስቆጭ አይደለም።

ውሻ ሲያጋጥም ሩጫውን አቁማችሁ ተጠጋግታችሁ ቁሙ፤ ጀርባ ሳትሰጡም ቀስ ብላችሁ ተራመዱና እለፉት። ብዙውን ጊዜ ውሻውን የሚያስነሣው መሮጡ ራሱ ነው። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ ስለዚህ «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» ተብሎ የሚታለፍ ንክሻ የለም።

ሸክሙ

ሸክም ይዞ መራመድ ልብንና ሳንባን እንደ ሩጫ ያሠራል፤ እግር ግን መሬት ላይ የሚያርፈው እንደ ሩጫ በኃይል አይደለም። ከዚያ በላይ የወደድኩለት ነገር ሰውን ማስተካከሉ ነው። ሜዳ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ጥሎኝ ይሄድ የነበረ ወዳጄ 12 ኪሎ ተሸክሞ ወደ ጦሳ ሲወጣ፣ እኔም 4 ኪሎ ይዤ ከጎኑ ስሆን፣ ላባችን እኩል ይፈስሳል፤ ወሬያችንም አይቋረጥም። ክብደቱ በትክክል መከፋፈሉ የሚታወቀውም በዚህ ነው፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሁሉም ሰው አጠር አጠር ባለ ንግግር የሚመልስ ከሆነ ክፍፍሉ ተስማምቷል። አንዱ ብቻ ዝም ካለ ከእሱ ላይ አንሡለት።

ቦርሳው የተማሪ የጀርባ ቦርሳ ቢሆን ይበቃል፤ ማንገቻው ሰፊና ስፌቱ የጠነከረ መሆኑን ግን ቦርሳውን ሞልታችሁ አንጠልጥላችሁ ፈትኑት። ለክብደት አሸዋ ርካሽ ነው። በደንብ የደረቀውን አሸዋ በወፍራም ፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልላችሁ፣ በላዩ ላይ የማዳበሪያ ቁራጭ ጠምጥማችሁ በሲባጎ እሰሩት። ቦርሳው ውስጥ ከሥር አሮጌ ልብስ ወይም ፎጣ ጎዝጉዙና አሸዋው በትከሻና በትከሻ መካከል፣ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ እንዲቀመጥ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ክብደቱ ወደ ታች የወረደና ከጀርባ የራቀ ቦርሳ ወገብን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሰውየውም ሳያውቀው አንገቱን አስግጎ ይሄዳል። ማንገቻው እስኪጠብቅ ይሳብ፤ ስትራመዱ ቦርሳው ከግራ ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ አቁማችሁ እንደገና አስተካክሉት።

መጀመሪያ ላይ ከሰውነት ክብደት ከአሥር አንድ በላይ አትያዙ፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ይዞ ይጀምራል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ጨምሩ፤ ርቀቱንና ክብደቱን ግን በአንድ ሳምንት አብራችሁ አታሳድጉ። ለጤናና ለወዳጅነት ለሚወጣ ሰው ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛ የሚበልጥ ሸክም አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ። ነፍሰ ጡር፣ የጀርባ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለለት ሰው ባዶ እጁን አብሮ ይሂድ፤ ሸክሙን በሚመለከት ሐኪሙን ያማክር። ሸክም ይዞ መሮጥ ደግሞ ለማንም አይገባም።

ይህን የምጽፈው ራሴ ተጎድቼበት ነው። በመጀመሪያው ወር 20 ኪሎ አሸዋ ሞልቼ ወደ ገራዶ በሚወስደው ቁልቁለት ወረድኩ። አሸዋው በደንብ ስላልታሰረ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ፤ እኔም ቆሜ እንደማስተካከል በሌላው እግሬ ክብደቴን እየደገፍኩ ቀጠልኩ። በማግስቱ ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውረድ አልቻልኩም፤ ሦስት ሳምንት ከቤትና ከሥራ በቀር የትም አልሄድኩም። ያን ጊዜ የገባኝ፣ ሸክም በዳገት ትንፋሽን፣ በቁልቁለት ግን ጉልበትን እንደሚፈትን ነው።

ከዚያ በኋላ ያገኘነው መላ ለደሴ መሬት በጣም የሚመች ሆነ። ወደ ጦሳ ስንወጣ አብዛኛውን ክብደት በአሸዋ ፋንታ በውሃ እናደርገዋለን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ መመዘን አያሻም፤ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ክዳኑ በፌስታል ታስሮ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ቀላል ለሚይዙት ደግሞ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ላይ ስንደርስ ውሃውን በክረምት በተተከሉት ችግኞች ሥር እናፈስሰዋለን። በጥር ወር መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሳለ ያ ውሃ ሲንቆረቆር አፈሩ ድምፅ እያሰማ ይጠጣዋል፤ ሁሉም ሰው ለአንዲት ችግኝ ጎንበስ ብሎ ሲያጠጣ ማየት ለእኔ ከመንገዱ ሁሉ የተሻለው ሰዓት ነው። ስንወርድ ጀሪካኑ ባዶ፣ ጉልበታችንም ነጻ ነው። ስትወርዱ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉት፤ ድንጋዩ በጤዛ ከራሰ መንገዱን ዚግዛግ እየሠራችሁ ውረዱ።

ጫማን በተመለከተ ጥቂት ልበል። ከሰልባጅ የሚገዛ ስኒከር መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ሶሉ ወደ አንድ ጎን የተበላ መሆን አለመሆኑን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላው ተመልከቱት፤ ከአውራ ጣት ፊት ለፊትም የአንድ ጣት ስፋት ይቅር። ቁልቁለት ላይ ጥፍር የሚጠቁረው ጫማው ጠባብ ሲሆን ነው።

ከተመለሱ በኋላ

በላብ የራሰውን ልብስ ወዲያው ቀይሩ፤ የደሴ ማለዳ ንፋስ በላብ ላይ አይጫወቱበትም። ባትና ጭን ሳይቀዘቅዙ ለ5 ደቂቃ ያህል አፍታቷቸው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ በሶ በስኳር ወይም በማር ተበጥብጦ ቢጠጣ የወጣውን ኃይል በቶሎ ይመልሳል። ቡናው ከዚያ ይምጣ፤ ጊዜ ካለም እስከ በረካ ይዝለቅ።

የእኛ ቡድን የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሸክም የሚወስነው በዚሁ ቡና ላይ ነው። ማን ወደ ኋላ እንደቀረ፣ ማን ሳይደክመው እንደተመለሰ፣ ማንን ትከሻው እንደቆረጠመው እያንዳንዱ ሰው በተራ ይናገራል። «እኔ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ካለ ከጎኑ የተራመደው ይመሰክርበታል፤ የደከመውም «አብሽር፣ ሁለት ኪሎ ይነሣልሃል» ይባላል። ከመካከላችን ባለ ሱቅ የሆነው ጓደኛችን የስምና የኪሎ ዝርዝሩን በደብተር ይጽፈዋል፤ ዓርብ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊትም የየሰዉን አሸዋ በሱቁ ሚዛን ላይ መዝኖ፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት ለጥፎ በር አጠገብ ይደረድርልናል።