ለአዲስ ሞተረኛ፦ ከሄልሜቱ ይጀምሩ

ለመከላከያ ልብስ የያዙት ገንዘብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት የማይበቃ ከሆነ፣ ቅድሚያውን ፊትን ሙሉ በሙሉ ለሚሸፍን ሄልሜት ይስጡ፤ ፊቱ ክፍት የሆነው ዓይነት አገጭንና መንጋጋን ያለ ከለላ ይተዋልና። ኢሲኢ 22.06 (ECE 22.06) የሚባለውን የሄልሜት ደህንነት ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳይ ምልክት ይፈልጉ። ሄልሜቱ ጉንጭዎን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ግንባርዎ ላይ አንድ ቦታ ለይቶ የሚያምዎት ከሆነ ግን ቅርጹ ለእርስዎ ራስ አይስማማምና ሌላ ይሞክሩ። ማሰሪያውን በደንብ ከቆለፉ በኋላ የኋላውን የታችኛ ጠርዝ ይዘው ወደ ላይና ወደ ፊት ይግፉት፤ ከወለቀ፣ የቱንም ያህል ቢያምር አይግዙት። የውስጡ ፎም አንድ ጊዜ በግጭት ከተጨመቀ ወደ ቀድሞው ስለማይመለስ፣ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ስለሚችል፣ ታሪኩን የማያውቁት ያገለገለ ሄልሜት በርካሽ ቢገኝም ይቅርብዎ።

ጃኬት ሲለኩ ቆመው ብቻ ሳይሆን፣ ሞተር ላይ እንደተቀመጡ ሆነው እጅዎን ወደ መሪው ዘርግተው ይሞክሩት፤ የክርኑ መከላከያ ያኔ ከተንሸራተተ ሲወድቁም ቦታው ላይ አይገኝም። ብዙ ጃኬቶች የጀርባ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስስ ስፖንጅ ብቻ ስለሆነ፣ ደረጃ 2 (ከደረጃ 1 የበለጠ ምት የሚያበርድ) የጀርባ መከላከያ ለብቻው መግዛት በእኔ አስተያየት ለጃኬቱ ውበት ከሚወጣ ተጨማሪ ገንዘብ ይበልጣል። ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነውና፣ ጓንቱ መዳፉ የተጠናከረና አንጓ ላይ የሚታሰር ይሁን። ጫማው ቁርጭምጭሚትን ይሸፍን፤ ተራ ጂንስ ደግሞ አስፋልት ላይ ወዲያው ስለሚቀደድ እንደ መከላከያ አይቁጠሩት።