ፍሪሲዮን ካስቀየርኩ በኋላ ማርሽ እምቢ ሲለኝ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የሂሉክሴን ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን) አስቀየርኩ። በማግስቱ የደንገጎን ዳገት ልወጣ ስነሳ አንደኛ ማርሽ እምቢ አለ። የኋላ ማርሽማ ጥርስ ሲፋጭ ይሰማል። ሞተር ሳጠፋ ግን ሁሉም ሰተት ብሎ ይገባል።

«ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» አሉኝ። አላሳመነኝም። ካምቢዮው ቢሆን ሞተር ጠፍቶም ያስቸግር ነበር። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ሦስት አራቴ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ማርሹ ገባ። ቱቦው ውስጥ የገባ አየር ነው! ፍሪሲዮኑን ለመቀየር ካምቢዮው ሲወርድ የፍሪሲዮኑ ዘይት ቱቦ ተፈትቶ ነበር።

ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ታናሽ ወንድሜን ፔዳሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ርገጥ!»

«ረግጫለሁ ጋሼ!»

ከታች፣ ካምቢዮው ጎን ካለው ሲሊንደር ላይ የአየር ማስወጫዋን ግማሽ ዙር ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከዚያ «ልቀቅ» አልኩት። ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከማስወጫዋ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ የፍሬን ዘይት ያለበት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ነክሬ ነበርና አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል በዓይኔ አየሁት። ከላይ ዶት 3 የፍሬን ዘይት እየጨመርን (ቀለም ይልጣል፣ ጨርቅ አይለያችሁ) 12ኛው ርግጫ ላይ አረፋው ቆመ።

ፔዳሉ ጠንከር አለ። የኋላ ማርሽ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ጠዋት ደንገጎን ወጣሁት።